ልጄ የሰፋችው ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማህሌት አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ከተተከሉት የመዝናኛ ድንኳኖች አንዱን ተከራይታ ይዛኝ ሄደች። ውስጡ ሰፊ አልጋ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ እግር የምናሞቅበት የሙቅ ውሃ ላስቲክ ሳይቀር ብርድ ልብሱ ሥር ተቀምጧል። እኔ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የሸራውን ስፌት በጣቴ መዳበስ ጀመርኩ። "እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ። ምንም አልጠፋብኝም፤ የአባቴ ድምፅ መጥቶብኝ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ገበያው ዳር፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የእህል ጆንያና ሸራ እሰፋ ነበር። ልብስ የሚሰፋ ሞልቷል፤ ሸራ ግን መርፌ ይሰብራል፣ ጣት ይልጣል፣ ስለዚህ ለእኔ ተረፈ። የአባቴ ምኞት ነርስ እንድሆን ነበር። ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቀው "ከተማ ናት" ብሎ ወሬ ይቀይራል እንጂ ምን እንደምሠራ አይናገርም። ይህን ከእናቴ ሰምቼ ብዙ ቀን አንጀቴ አርሯል።

አንድ ቀን አንድ ሰው መጣና፣ ወፍ ለማየት ለሚመጡ ፈረንጆች አንኮበር ላይ አልጋ ያለው ድንኳን ሊተክል መሆኑን ነገረኝ። አንዱን ሰፍቼ፣ ራሴ ሁለት ሌሊት አድሬበት እንድፈትነው፣ ዝናብ ካላስገባ የቀሩትን ሰባቱን እንድሰፋ ተስማማን። ክሩን ሰም እያሸሁ አንድ ወር ሙሉ ሰፋሁት። ከዚያ ብቻዬን ማደር አልችልም በሚል ሰበብ አባቴን ለመንኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬን እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው።

ወሩ መስከረም ነበር። መንገዱ ግራ ቀኙን አደይ ለብሷል፤ ማሳው ሁሉ ስንዴውም ገብሱም አረንጓዴ ነው። አባቴ፣ ምግብ እዚያ አለ ብዬ ብነግረውም አልሰማ ብሎ በሶና ማር ቋጥሮ መጣ። ድንኳኑን ከሩቅ ሲያይ ቆም አለ።

"ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለልቅሶ ነው" አለኝ። "የማን ሠርግ ነው?"

ላጤነቴን እየነካካኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ በሶውን ተቀብዬው ወደ ውስጥ ገባሁ። ማታ ነጭ አንሶላ የለበሰውን አልጋ ትቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ምንጣፉ ላይ ተኛ። አልጋ የእንግዳ ነው አለ። እንግዶቹ እኮ እኛ ነን ብዬ ብነግረውም ሳቅ አለ እንጂ ወደ አልጋው አልወጣም። እኔም አኩርፌ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቆላ የወጣ ጉም ገደሉን ሸፈነው፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ። አባቴ አንጋጦ ስፌት ስፌቱን በዓይኑ ይከተላል። ይሄን ጊዜ አንድ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ ሰው አህያቸውን ደጅ አስረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ይማም የሚባሉ፣ ከገበያ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርዱ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ውሃ እየተንጠባጠበባቸው "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" አሉና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ለካ ድንኳኑን አይተው ልቅሶ መድረሳቸው ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ደረሰ። አባቴ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ጋቢውን ደረበላቸው።

"ልቅሶ አይደለም፣ ቤት ነው" አለ። "ልጄ የሰፋችው ቤት ነው። ጠብታ አያስገባም። ይደሩ።"

እንባዬ መጣና ፊቴን ወደ ሸራው አዞርኩ። ሰው እንግዳ የሚያሳድረው የእኔ በሚለው ቤት ብቻ ነው። የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ ስለሚያውቅ ለእኛ የቀረበውን ወጥ ገፋ አድርጎ በሶውን በማር በጠበጠላቸው። ከዚያም ያንን ማንም እንዳይተኛበት የጠበቀውን አልጋ ሰጣቸው።

በማግስቱ ድንኳኑን ያሰፋኝ ሰው መጥቶ ጭቃ የነካውን አንሶላ ሲያይ ፊቱን አጠቆረ። ዝናቡ ገብቶ እንደሆነ ሲጠይቅ ግን ቀድመውኝ የመለሱለት ይማም ናቸው፤ ዝናቡን የሰማሁት በጆሮዬ ነው እንጂ በገላዬ አይደለም አሉት። ሰባቱንም ሰፋሁ። አባቴም ከዚያ ወዲህ፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም፣ የልጁን ሥራ ሳይናገር ከገበያ አይመለስም ነበር።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ደጃችን ላይ የተተከለውን የልቅሶ ድንኳንም የሰፋሁት እኔው ነኝ። ይማም በምርኩዝ ዳገቱን ወጥተው ደረሱ። ቁጭ ብለው ስፌቱን አንጋጠው አዩና፣ ለልቅሶ የተቀመጠው ሰው እየሰማ "ይቺም የልጃቸው ቤት ናት" አሉ። እያለቀስኩ ኮራሁ።

ማህሌት "ምን ጠፋብሽ?" ላለችው መልሴን እየጠበቀች ነበር። ስፌቱ ደህና ነው፣ የእኔን ግን አያህልም አልኳት። ሳቀች። እሷ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ሥራ አለ፤ ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባኝም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "አዲስ አበባ ናት" ብዬ ነው የማልፈው። ይህን ያህል ዓመት እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳልሰማው ኖሬያለሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ቦታ ለቀቅኩላት።

"ነይ፣ የምትሠሪውን አሳዪኝ" አልኳት።