ለቲማቲም የታዘዘ መድኃኒት

ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል። ዶክተር አይደለም፤ ዕድሜውን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የፈጀ፣ አሁን ጡረታ የወጣ መድኃኒት ሻጭ ነው። ዶክተር ሲሉት አንድም ቀን አላረማቸውም። ሥራውን ሲለቅ ነጭ ጋዋኑን ለማስታወሻ ብሎ ይዞ መጣና ጓሮው ውስጥ ይንጎራደድበታል።

ሚስቱ ጠባዩን ጠንቅቃ ታውቃለች። በዚያ ባንኮኒ ደንበኛ ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። ለሚያስለው ሽሮፕ፣ ለማያስለው ቫይታሚን ነበር። ጡረታ ሲወጣ በሽተኛ አጣ። ቢቸግረው ቲማቲም ተከለ።

ቲማቲሞቹ ጉልበት እስኪደርሱ ምንም አልሆኑም። ምንም አለመሆናቸው ግን ዕረፍት ነሳውና ለመከላከያ ብሎ የሳሙና ውሃ ረጨባቸው። ብዙም ሳይቆይ ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ይጠማዘዝ ጀመር። ሰፊ መሆን የሚገባው ቅጠል እንደ ክር ቀጠነ፤ ግንዱም አንገቱ እንደተቀጨ ሰው ወደ ጎን ዞረ። ዶክተር በማጉያ መነጽር አየና ደረቱን ነፍቶ ቫይረስ ነው አለ። ማን አመጣው? ነጭ ዝንብ። ዝንቧስ ከየት መጣች? ጣቱን ወደ አጥሩ ቀሰረ።

ከአጥሩ ማዶ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ከስፌቱ የጎደለውን የልጆቿን ጉርሻ የምትሞላው ጓሮዋን ከሞሉት ቲማቲሞች ነው። የእሷ ለምለም ነበሩ። ዶክተር ግን ይህንንም ለራሱ ማስረጃ አደረገው። ሳይታመሙ በሽታ የሚያስተላልፉ አሉ ብሎ ክርኑን አጥሩ ላይ አስደግፎ አስተማራት፤ ነቅላ እንድታቃጥልም አዘዛት። ልጆቿን ባተኮሳቸው ቁጥር የምትሮጠው ወደ እሱ ነበርና፣ ቅር እያላት፣ ጥቂት ቀን ይስጡኝ ብላ እሺ አለች።

እሱ በበኩሉ ሕክምናውን ቀጠለ። ነጭ ሽንኩርት ጨምቆ ረጨ፤ ቅጠሉ ባሰበት። በባሰበት ቁጥር መጠኑን ጨመረ።

ሚስቱ አንድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከውሃው ታንከር ጀርባ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቲማቲም አለ። ዶክተር እንደ ዱርዬ ቆጥሮት መድኃኒቱን ነፍጎታል። ያ ዱርዬ ቅጠሉን እንደ መዳፍ ዘርግቶ ተንሰራፍቷል። ታንከር መዞር የሚያቅታት ዝንብ የለችም። እዚያ ያልደረሰው መርጫው ብቻ ነው።

መርጫውን ከተሰቀለበት አውርዳ ክዳኑን ከፈተችና አሸተተችው፤ ፀረ አረም ይሸታል። ቀደም ሲል ዶክተር የድንጋይ ንጣፉ መሀል የበቀለውን ሣር ያደረቀው በዚሁ መርጫ ነበር።

"አጥበኸዋል?" አለችው።

"ባዶ ነበር እኮ።"

"አጥበኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

 የሽሮፕ ማንኪያ በወጉ አላጠባችሁም እያለ እናቶችን በሰው ፊት ሲያሸማቅቅ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ስለ መጠን ማስረዳት ጀመረ፤ የቀረው ጠብታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለ። ለቲማቲም ግን ያችው ጠብታ በቂዋ ነበረች።

በዚህ መሀል ሚስቱ ከአጥሩ ማዶ ሥር ሲበጠስ ተሰማት። ነጠላ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ሮጣ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን ረድፍ ነቅላ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ጎንበስ ብላለች፤ ያልበሰለው ፍሬ እግሯ ሥር ተበትኗል።

"ተይ፣ ተይ እህቴ። ያንቺ ምንም አልነካውም።"

"እትዬ፣ ዶክተር አቃጥይ ብለውኛል እኮ።"

"የኛን የመረዘው ራሱ ነው። አረም በገደለበት መርጫ ሲረጭባቸው ከረመ። እሱን ሰምተሽ የልጆችሽን ጉርሻ ትነቅያለሽ?"

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ግንድ ለቀቀችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልተናደደችም፤ ለመናደድ ጊዜ አልነበራትም። የተነቀሉት ሳይጠወልጉ ሁለቱም ጉድጓድ ጠለቅ አድርገው ቆፍረው፣ ግንዱን እስከ ግማሽ ቀብረው ውሃ አጠጧቸው፤ ከስፌት የተረፈ ብጣሽ ጨርቅም ለጥላ ዘረጉላቸው። ዶክተር ጋዋኑን ለብሶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና ስለ ውሃው ልክ ይናገር ጀመር። ቀና ብሎ ያየው የለም።

ከተነቀሉት አብዛኞቹ ሥር ያዙ። የእሱን ሚስቱ ነቅላ ቀበረችው፤ ፀረ አረም የጠጣ ፍሬ ለሰው አይሰጥም። ዶክተር በበኩሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አስረዳ፤ ቫይረሱ በጊዜ ስለተደረሰበት ወደ ማዶ ሳይሻገር ቀርቷል።