መላኩ በኮምፒውተር የሠራው የዓባይ በረሃ

ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ጉዳይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ደጀንን አልፈን የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ገና እንደጀመርን መንገዱ ተዘጋ። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ከላይ ድንጋይና ጭቃ አውርዶ አስፋልቱ ላይ ከምሮታል። የሚኒባሱ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ማጉረምረሙ እንደማያዋጣ ሲገባው ደግሞ ቆሎውንና ዳቦውን ከየፌስታሉ ማውጣት ጀመረ። እኔም የያዝኩትን የተቀቀለ ድንች ሚጥሚጣ እያስነካሁ መብላት ያዝኩ። ሥራ የሌለው ዓይን የሰው ስልክ ላይ ያርፋልና፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት የምትጫወተውን ጌም ማየት ጀመርኩ።

ስልኳ ውስጥ ቀይ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ያለ ግራር አለ፤ ከግራሩ ሥር ደግሞ ማንጎና ሎሚ የሚሸጥበት የእንጨት ዳስ። ድንቹ እጄ ላይ ቀረ። ያን ዳስ አውቀዋለሁ። እውነተኛው ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ።

“ይቅርታ እህቴ፣ ይሄን የሠራው ማን ነው?” አልኳት።

“እኔ እንጃ እትዬ፣ የሆነ የውጭ ድርጅት ነው። ጌሙ በነፃ ነው፤ ይቺን መንገድ ለማስከፈት ግን ይከፈላል። የእኛን አገር ስለምትመስል ደስ ብላኝ ከፈልኩ። አያዩም? ቁርጥ ይሄንኑ በረሃ እኮ ነው የምትመስለው!”

ትመስላለች አለች። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር ደግሞ አንድ ትንሽ ንዴት። ከዚያ ሁለቱም አለፉና መላኩ ትዝ አለኝ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፣ እንግሊዝኛ ነበር የማጠናው። ከደጋው ከቁይ የመጣሁ ልጅ ስለሆንኩ የማርቆስ ብርድ ብዙ አልከበደኝም፤ የከበደኝ የኮምፒውተር ነገር ነበር። ጽሑፍ ለማሳተም ከገበያው በታች ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ እመላለስ ነበር። መላኩ እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ያትማል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ጎን የሚጥል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ወረቀቴን ሲሰጠኝ ሒሳቤን አልቀበልም አለና፣

“በሱ ፈንታ አንድ ነገር አንብቢልኝ” አለኝ። “አርጀንቲና ያለ ሰው ጽፎልኛል። የሚሰድበኝ ይሁን የሚያመሰግነኝ አልለየሁም።”

የሚያመሰግን ነበር። ራውል የሚባል ብየዳ ሠራተኛ ነው። መላኩ በኮምፒውተር እየሠራው ያለውን መንገድ በፎቶ አይቶ፣ ራሱም በኮምፒውተር የሠራውን የአሮጌ አውቶብስ አካል ሊሰጠው ፈቀደ። “ውሰደው፣ ለውጠው፣ እንደፈለግህ ቀባው። ስሜን ጥቀስልኝ፤ እንዳትሸጠው ብቻ” ይላል።

ነገሩን ያስረዳኝ መላኩ ነው። አውቶብስ የመንዳት ጌም አለ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች በሩን ክፍት ትተውታል፤ ማንም የራሱን መንገድ፣ የራሱን መኪና፣ የራሱን ከተማ ሠርቶ ሊጨምርበት ይችላል። ተጫዋቾቹ ጭማሪውን ሞድ ይሉታል። (እኛ አገር ሞድ መያዝ ማለት ማላገጥ ስለሆነ የመላኩ እናት ልጃቸው ቀኑን ሙሉ በሰው የሚያላግጥ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር።) ሞድ የሚሠሩት ከሥራ መልስ፣ ለፍቅር ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሲጨርሱ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጋራ መድረካቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ የፈለገ በነፃ ይወስዳል።

መላኩ የሚሠራው ደግሞ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን በረሃ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ አባቱን ጋሽ ይግዛውን ሳይ ነው። ጋሽ ይግዛው ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያ መንገድ ላይ አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው። በኋላ ስኳር እግራቸውን አደነዘዘውና መሪ መጨበጥ ቀረ። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው መኪና ሲያልፍ በድምፁ ይለዩ ነበር። ይሄኛው ፍሬኑን አላስፈተሸም፣ ያኛው ማርሹን ያንገላታል ይላሉ ለብቻቸው። መላኩ ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ “እዚያ ወንበር ላይ ሳየው ጥሩ ስሜት አይሰማኝም” አለኝ።

በጥቅምት፣ መስኩ ገና ቢጫ ሳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ወደ በረሃው መውረድ ጀመርኩ። መንገድ ላይ የባቄላ እሸት እንገዛለን፤ እየፈለፈልን እንሄዳለን። ደጋው ላይ ሹራብ ለብሰን ታች ስንደርስ እናወልቃለን። እሱ ኩርባዎቹን ፎቶ ያነሳል፤ እኔ መቅረጫውን ይዤ የጭነት መኪና ጩኸት፣ የማንጎ ሻጮችን ጥሪ፣ የወንዙን ድምፅ እቀርጻለሁ። አንድ ሰው እኛን ቢያየን መንገድ ሊሠሩ የመጡ መሐንዲሶች ይለን ነበር፤ ጠይቀውንም ያውቃሉ። “መንገዱን ልትወስዱት ነው ወይ?” ያሉን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መላኩ ከልቡ አስቦ፣ “ኮፒውን ብቻ ነው፣ አባቴ” አላቸው።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ሲያልቅ አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሽ ይግዛውን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥናቸው። መላኩ ከአንድ ተማሪ የገዛውን ያገለገለ የጌም መሪ ጠረጴዛው ላይ አስሮታል። ፍሬኑን በእጅ እንዲይዙት አድርጎ አስተካክሎታል፤ እግራቸው አያስፈልግም። ሽማግሌው መጀመሪያ ተጠራጠሩ።

“ይች የልጆች መጫወቻ አይደለች እንዴ? ኧረ ምነው ልጆቼ!”

“ግድ የለም አባዬ፣ ንዳት ብቻ።”

ነዱት። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ሲቀየር አየሁ። መሪውን ከመያዝ ወደ መጨበጥ ተሸጋገሩ። ከፊታቸው የሚመጣ ጭነት መኪና ሲያዩ ክላክስ እየፈለጉ መሪውን መሃሉን መቱት። ታች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አቆሙና መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ በእርግጥም አልቧቸው ነበር።

“እህ፣ አንች ልጅ፣ ውሃ ስጭኝ” አሉኝ። “ዳገቱ ይቀረናል።”

መላኩ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔም አልተከተልኩትም።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውንም ጨመርንበት። ቁልቁለቱ ሲጀመር ሾፌሩ የሚላትን ጸሎት እንዲሉልን ጠየቅናቸውና መቅረጫውን ያዝኩ። “በሉ እንግዲህ፣ እመቤቴ ከፊት ትቅደምልን” አሉ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “መላኩ፣ በሩን ዝጋው እንጅ፣ ብርድ ገባ!” ብለው ጨመሩ። የቤቱን በር ማለታቸው ነው። መላኩ ሊቆርጠው ነበር፤ እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት። አውቶብስም በር አለው፣ ያምርበታል አልኩ።

መንገዱ አልቆ መድረኩ ላይ በወጣ ሰሞን ሱቋ የሠርግ ቤት መሰለች። ከማናውቀው አገር መልእክት ይመጣል። ኢንዶኔዥያ ያለ ልጅ ዝናብ ሠርቶ ላከልን፤ አንዲት የቱርክ መምህርት ደግሞ ዛፎቻችን ደረቅ ናቸው ብላ የራሷን ሰጠችን። ራውል አውቶብሱ የእኛን አገር ቀለም ተቀብቶ ሲያይ ልጆቹን ጠርቶ እንዳሳያቸው ጻፈ። እኔ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ መላኩ እየሰማ የሰው ኮምፒውተር ይፈታል።

በየካቲት አካባቢ ይሆናል፣ ራውል ሌላ ዓይነት መልእክት ላከ። አጭርና ቀዝቃዛ ነበር። “አውቶብሴን ሸጥከው። እንደዚህ አልመሰልከኝም ነበር” ይላል። ከሥሩ አንድ አድራሻ አለ። ስንከፍተው አንድ የውጭ ድርጅት “የአፍሪካ ተራራ መንገድ” ብሎ የሚሸጠው ዕቃ ነው። ግራሩ የእኛ ነው። የማንጎ ዳሱ የእኛ ነው። አውቶብሱ የራውል ነው። የማናችንም ስም የለበትም። ራውል ደግሞ ለድርጅቱ ያቀበልነው እኛ መስለነዋል፤ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

መላኩን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ያሳመመው መሸጡ ብቻ አልነበረም። “ራውል እኔን ሌባ ነው ብሎ ሊተኛ ነው” አለ፤ ደጋግሞ።

እኛው ራሳችን ያንን ዕቃ ከፍለን ገዛነው፤ የገዛ መንገዳችንን። ከፈትነው። አውቶብሱ ተነሳ፣ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ከዚያ የጋሽ ይግዛው ድምፅ ሱቋን ሞላት። “በሉ እንግዲህ፣ እመቤቴ ከፊት ትቅደምልን። መላኩ፣ በሩን ዝጋው እንጅ፣ ብርድ ገባ!” ስማችንን ከየቦታው ሲፍቁ አማርኛ ስለማይሰሙ ይህችን ትተዋታል። ተያየን። ከዚያ ሳቃችን አላቆም አለ፤ ሊያሳትም የመጣ ሰው ሁለታችንንም ትቶን ሄደ።

ያቺን የድምፅ ቅንጭብ ከነትርጉሟ ለራውል ላክንለት። “በር እንዲዘጋ የሚጮኹት አባቱ ናቸው፤ መላኩ የሚሉት ይሄ የጻፈልህ ሰው ነው። የሸጥነው እኛ ብንሆን ስማችንን ሁሉ አጥፍተን ይህችን እንተዋት ነበር?” ብዬ ጻፍኩ። ራውል ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው ከስድቡ ይረዝም ነበር። ቅንጭቧንም መድረኩ ላይ ለጠፋት። በማግሥቱ በየአገሩ ያሉ ሞድ ሠሪዎች ድርጅቱን “በሩን ዝጋው!” እያሉ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት።

ድርጅቱ ለመላኩ ጻፈ። በጣም ትሑት ጽሑፍ ነው። ሥራውን በወግ እንግዛህ፣ ሌላም እናሠራሃለን ይላል። ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋሉ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ የራሴ ነው ብሎ እንዲፈርምና በነፃ የተቀመጠውን ከመድረኩ እንዲያነሳ።

“ፈርም!” አልኩት እኔ። “የአባትህ መድኃኒት አለ፣ ይቺ ሱቅም ዛሬ አለች ነገ የለችም። እነሱ እንደሆኑ ወስደውታል።”

ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ አስተናግዶ ጨረሰ። ከዚያ በስሜ ጠርቶኝ፣ “ስመኝ፣ ሰው የሠራውን ቢሸጥ ነውር የለበትም። መንገዱ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እሸጥላቸው ነበር” አለ። “አውቶብሱ ግን የራውል ነው። ዝናቡ የዚያ ልጅ ነው፣ ዛፉ የመምህሯ ነው። እኔ ይሄ ሁሉ የኔ ነው ብዬ ከፈረምኩ ከእነሱ በምን ተለየሁ?”

“እና ዝም ልትል ነው?”

“ዝም አልልም። የሁሉንም ስም መልሱ፣ በነፃ ያለው በነፃ ይቆይ፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ ቀጥራችሁ አሠሩኝ በያቸው።”

አልኳቸው። መልስ አልሰጡም። ጩኸቱ ሲበረታባቸው ዕቃውን አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰሙ አነሱት። ይቅርታም የለ፣ ካሣም የለ። መላኩ እርግጥ ተናዶ ነበር፤ መልአክ አላደርገውም፤ ለሳምንታት ኮምፒውተሩን ለጥገና ካልሆነ አልነካውም። ከዚያ ግን አንድ ቅዳሜ ሱቅ ስደርስ ሲጽፍ አገኘሁት። መንገድ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዳገት ከየት እንደሚጀመር፣ ድምፅ እንዴት እንደሚጨመር፣ ሁሉን በአማርኛ ነው የሚጽፈው። “አንድ ሰው ከሆንኩ በቀላሉ ይወስዱብኛል” አለኝ። “ብዙ ከሆንን ግን እንተዋወቃለን፣ የማን የማን እንደሆነ እንናገራለን።” ያን ጽሑፍ ያነበበ አንድ የጎንደር ልጅ ሊማሊሞን ሠራ። ሌሎችም የየአገራቸውን መንገድ ይዘው መጡ። ጋሽ ይግዛው እግዜር ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከማረፋቸው በፊት በእነዚያ መንገዶች ሁሉ ነድተዋል፤ ሊማሊሞን ግን አልወደዱትም፣ ኩርባው ይበዛል ብለው።

ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። ስለዚህ እዚያው ሆኜ መላኩ ጋ ደወልኩ። አሁን ደብረ ማርቆስ የቴክኒክ ትምህርት ያስተምራል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉት።

“መላኩ፣ ዛሬም እየሸጡት ነው። ሌላ ድርጅት ነው፣ በስልክ” አልኩት። እንዲናደድ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

“ጭጋግ አለው?” አለኝ።

ልጅቷን ጠየቅኳት። የለውም አለች።

“እንግዲያው የድሮውን ነው የያዙት። ለራውልና ለሌሎቹ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ፣ አቤቱታውን አብረን እንጽፋለን። ልጅቷ ግን ምን በወጣት? አዲሱን ለስልክም ሠርቼዋለሁ፣ ጭጋጉ ደህና ሆኗል። ቁጥሯን ስጭኝ፣ ልላክላት።”

በሥራ ዘመኔ ብዙ የተማሩ፣ ብዙ ያላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። የተወሰደበትን ቆጥሮ የማይጨርስ ሰው ሞልቷል፤ እኔም አንዳንዴ ከነሱ አንዷ ነኝ። መላኩ የተወሰደበትን አይረሳም፤ ዛሬም ለራውል ስም ይሟገታል፣ ለእሱ ስም ደግሞ ራውል። ግን ማንም በወሰደበት ልክ እጁ አልጠበበም። ይህ ችሎታ ይሁን ጠባይ እስካሁን አልለየሁትም፤ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የገረመኝ ግን ይሄ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ልጅቷ መላኩ የላከውን መንገድ ከነሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ተቀብላ እያየች፣ “እትዬ፣ ስንት ልክፈላቸው?” አለችኝ።

“ስማቸውን አንብቢ” አልኳት። “ሁሉንም።”

ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።