ግድግዳ የሌለው በር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ እናቴ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራላቸው አሮጊት ሐጃ ጠባብ ጠባብ ክፍሎቻቸውን አፍርሰው አንድ ሰፊ ሳሎን ሊያደርጉ ተነሱ። እኛን ጓሮ አዛወሩን፤ የድሮ ክፍላችን በርም ሊነቀል ሆነ። ፈራሁ። መፋዛ እሚባል የእርሻ አገር ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የቀረው አባቴ ሁሌ እዚያ በር ላይ ቆሞ ነበር «ቤቶች!» የሚለው።

ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። በዚያው ድፍረት በአረብኛ «ሐጃ፣ በሩን ይተዉልን» አልኩ።

«ግድግዳ የሌለው በር ምን ሊሆን ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ?» ብለው ሳቁብኝ።

«አባቴ ሲመጣ የት ቆሞ ይጣራል?»

ሐጃ ወደ ግንበኞቹ ዞረው «በሩን እንዳትነኩት» አሉ።

በሩ ይኸው ሳሎኑ መሃል ብቻውን ቆሟል፤ እንግዳ ሁሉ እየሳቀ ይዞረዋል። ትናንት ከዚያ «ቤቶች!» ሲባል እናቴ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች።

ሐጃ ናቸው። በገዛ ቤታቸው በሩ ላይ ቆመው፣ ይግቡ እስክንላቸው ይጠብቃሉ።