ከውሃው የቀደመ እጅ

መፍቻ የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የሱሪው የኋላ ኪስ ያለ ትልቅ መፍቻ ታይቶ አያውቅም፤ ሰርግ ሲጠራ እንኳ ኮቱ ከኋላው ብድግ ብሎ ነው የሚሄደው ይሉታል። ይሄ ግን ስም ማጥፋት ነው። ለሰርግ ትንሿን ነው የሚይዘው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ቧንቧ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። የዚህ ሥራ ጣጣው፣ ያማረ እንደሆነ ግድግዳ ውስጥ ይለሰንበትና ማንም ሳያየው ይቀራል። የሠሪው ስም የሚነሳው ያፈሰሰ ቀን ብቻ ነው። ሌላው የቧንቧ ሠራተኛ ይሄን ለምዶት ይኖራል። መፍቻ ግን አልሆነለትም፤ ምክንያቱም ታናሽ ወንድሙ ሴራሚክ ሠራተኛ ነው።

ሴራሚክ ሠራተኛ ማለት፣ ሌላው አቧራ ሲቅም ከርሞ ቤቱ ሊያልቅ ሲል ብቅ ይልና፣ የሚያብረቀርቀውን ለጥፎ ምርቃቱን ሁሉ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ነው። መፍቻን ብትጠይቁት እንዲህ ነው የሚላችሁ። ታናሽየው ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ ጥሩ ሰው ነው። ሳቂታ፣ ታዛዥ፣ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል እያደረገበት እናቱ እስከ ዛሬ "ማሙሽ" የሚሉት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለመፍቻ ስንት በቀለለው!

በሁለቱ መሃል የተወለደችው እህታቸው፣ እናታቸውን እሷ ጋ ልታመጣ ስትወስን፣ መታጠቢያ ቤቱ እንደ አዲስ ይሠራ ተባለ። የእናትየው ጉልበት ከደከመ ቆይቷል፤ የድሮውን ገንዳ ጠርዝ ተሻግሮ መግባት ለሳቸው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ገንዳው ይነሳል፣ ወለሉ ሜዳ ይሆናል፣ ሻወሩ አጠገብ ይዘው የሚቆሙበት ብረት ይተከላል። ቧንቧው የመፍቻ፣ ሴራሚኩና ብረቱ የማሙሽ።

መፍቻ እንደዚያ ተጠብቦ ሠርቶ አያውቅም። ውሃው እናቱ እግር ሥር እንዳይተኛ ወለሉን በውሃ ልክ እየለካ ወደ ፍሳሹ አዘነበለው፤ ቱቦዎቹን ጎን ለጎን እንደ ደብተር መስመር አስተካክሎ ዘረጋቸው። ሲጨርስ ጫፋቸውን ሁሉ ደፍኖ በፓምፕ ውሃ ሞላባቸውና የግፊት መለኪያ ሰካ። አንድ ቀን ሙሉ የመለኪያው መርፌ ፀጉር ታህል አልተነቃነቀችም። ደስ ብሎት እህቱን ጠራት።

"ነይ እይ! ንቅንቅ አላለችም!"

"ጎበዝ፣ ጋሼ። ታዲያ መቼ ነው የሚለሰነው?"

እናቱንም ደግፎ አመጣቸው። ግድግዳውን ካዩ፣ ካዩ በኋላ "ይሄ ሁሉ ሽቦ ለምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉ። ሽቦ! ሠላሳ ዓመት የለፋበት ሥራ ለገዛ እናቱ ሽቦ ሆኖ አረፈው። በማግስቱ ግድግዳው ተለሰነና ሽቦውም ቢሆን ከዓይን ጠፋ።

ከዚያ ማሙሽ መጣ። ሦስት ረድፍ ለጥፎ ሳይጨርስ እህታቸው ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሳት ጀመረች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቤቱ በ"ወይኔ ሲያምር!" ተሞላ። እናታቸው ቀዝቃዛውን ሴራሚክ በመዳፋቸው እየዳሰሱ "እሰይ የኔ ማሙሽ! እጅህን ክፉ አይንካው!" ብለው መረቁት።

መፍቻ ይሄን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ቅናት ተነሳበት፤ ልጅ ሆነው ሁለቱ አብረው ሲወድቁ እንኳ እናታቸው የሚስሙት ጉልበት የማሙሽ ነበር። የሱ እጅ ክፉ ቢነካው ግድ የለም ማለት ነው?

አሁን ስለ አንዲት ካርቶን ልንገራችሁ። መፍቻ ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት የቧንቧውን መንገድ ለክቶ ቁራጭ ካርቶን ላይ ይስላል፤ ቀዝቃዛው ከወለል ይህን ያህል፣ ሙቁ ከጥግ ያን ያህል እያለ። ኋላ ግድግዳ ሲበሳ ቱቦ እንዳይነካ ካርቶኗን ለሴራሚክ ሠራተኛው ይሰጣል። ይህችን ልማድ አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም። የዚያን ዕለትም ካርቶኗ ኪሱ ውስጥ፣ ከመፍቻው ጎን ነበረች፤ ሊሰጥ መጥቶ ነው ያን ምርቃት የሰማው። "ከፈለገ ይጠይቀኛ" አለ በሆዱ፣ ይዟትም ተመለሰ።

በአምስተኛው ቀን ብረቱ የሚተከልበት ሰዓት ደረሰ። ማሙሽ እናታቸውን አቁሞ እጃቸው የሚያርፍበትን ቁመት ለካ፣ በእርሳስ ምልክት አደረገ፣ እሳቸውም ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ። ምልክቱ ልክ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምንም የለም አይደል?"

መፍቻ እጁን ወደ ኪሱ ሰደድ አደረገ። በዚህ መሃል እናቱ ከግቢ ሆነው "ማሙሽዬ፣ አረፍ በል እንጂ፣ አይደክምህም?" ሲሉ ተሰማ። እጁን መልሶ አወጣው።

"ባለሙያው አንተ አይደለህ እንዴ? እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

ታናሽየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሼ ካልከለከለ ምንም የለም ማለት ነው ብሎ መሰርሰሪያውን አነሳ።

መፍቻ ወጣ። ሐሳቡ ሳሎን ተቀምጦ ጩኸቱን መስማት ነበር። እግሩ ግን ግቢውን አሻግሮ ወደ ውሃ ቆጣሪው ወሰደው። ተንበርክኮ ዋናውን መዝጊያ ጨበጠ። ወንድሙ ይዋረድ አለ እንጂ የእህቱን ቤት ውሃ ይብላው መቼ አለ? እናቱ ከሱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ምን ሆነ?" አሉት።

"ምንም፣ እማዬ።"

የመሰርሰሪያው ድምፅ መጀመሪያ ሴራሚኩ ላይ አፏጨ፣ ልስኑን ሲያገኝ ጎረነነ፣ ከዚያ ድንገት ረገብ አለ። ያቺን ረገብ ማለት መፍቻ ያውቃታል። መዝጊያውን አዞረው። እህቱ "ኧረ ውሃ! ጋሼ ድረስልን!" ብላ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲገባ ማሙሽ ከፀጉሩ እስከ ጫማው በስብሷል። "የኔ ጥፋት ነው፣ በደንብ መጠየቅ ነበረብኝ" ይላል ደጋግሞ። መፍቻ አራት ሴራሚክ ሰብሮ አነሳ፣ የተበሳውን ቱቦ ቆርጦ አዲስ ቀጠለ፣ ውሃውን ለቆ አየው። ማሙሽ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጣቸውን ሴራሚኮች አወጣና ቀዳዳውን መልሶ መሸፈን ጀመረ።

ሳሎን ውስጥ እህታቸው ለባሏና ለጎረቤቷ ታሪኩን ታወራለች። "ጋሼ ባይኖር ቤቱ ባሕር ሆኖ ነበር! ጩኸቴን ሳልጨርስ ዘግቶት እኮ ነው!" ጎረቤትየዋም "ባለሙያ ይሉሃል ይሄ ነው!" አለች። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ምስጋና መጣለት። አይዋሽም፣ ለአፍታ ያህል ጣመው።

"አዎ፣ ፈጣን ነው" አሉ እናቱ፣ ዓይናቸውን ከሱ ሳይነቅሉ። "ከውሃውም ይቀድማል።"

ሌላው ሳቀ። መፍቻ ክው አለ። ብድግ ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ።

ማሙሽ ሦስቱን ለጥፎ አራተኛውን እየቆረጠ ነበር። መፍቻ ካርቶኗን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። "ቀዝቃዛ፣ ከወለል ዘጠና" ይላል።

"ስትጠይቀኝ ኪሴ ውስጥ ነበረች።"

ማሙሽ አነበባት። ደግሞ አነበባት። "ለምን፣ ጋሼ?"

"ቀንቼብህ ነዋ! ሌላ ምን ምክንያት አለኝ?"

ታናሽየው እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። "እሺ" አለ። "ከኔ አይወጣም። ማሙሽ ሳይጠይቅ በሳው ተብሎ ይቅር።" ይሄን ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

መፍቻ ማልቀስ ሲገባው ደሙ ፈላ። ሴራሚኩ የሱ፣ ምርቃቱ የሱ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱም የሱ ብቻ ሊሆን ነው? ይቅር ሲል እንኳ እንደ ሴራሚኩ ስንጥቅ የለበትም! "ይቺንስ አልተውለትም" አለና በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

ሳሎኑ መሃል ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ካርቶኗን፣ ጥያቄውን፣ የመለሰውን መልስ፣ መዝጊያው ላይ ሆኖ መጠበቁን። ጎረቤትየዋ ቦርሳዋን ፈለገች። እህቱ ፊቷ ተለዋወጠ።

"በእማዬ መታጠቢያ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?"

አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እናቱ የወንበሩን ክንድ ይዘው ሊነሱ ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ እንደገና ሞክረው ተነሱ። መጥተው ክንዱን ያዙ።

"ና እስኪ፣ ይሄ ቧንቧህ በየት በየት እንደሚሄድ አሳየኝ።"

ማሙሽ የመጨረሻዋን ሴራሚክ ይዞ ጥግ ቆመላቸው። መፍቻ ከሻወሩ ጀምሮ ግድግዳውን በጣቱ እየተከተለ አሳያቸው፤ ቀዝቃዛው በዚህ፣ ሙቁ በዚያ፣ እዚህ ጋ ይታጠፋል እያለ። ገና ያልተደፈነችው ክፍተት ጋ ሲደርሱ እናቱ በብረቱ ፋንታ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ጎንበስ አሉ።

"ያኔ ሽቦ ያልኩህ ይሄን ነው?"

"ይሄን ነው።"

ጣታቸውን መገጣጠሚያው ላይ አሳልፈው አዩት። ደረቅ ነው። ማሙሽ ሴራሚኳን ይዞ ጠጋ ሲል፣ ቀና ሳይሉ በእጃቸው አስቆሙት።

"ቆይ አንዴ፣ ማሙሽ። አትድፈነው፣ እያየሁት ነው።"