ከጂንካ እስከ ካንጋተን በአዲስ የፊት ጎማ

ከጂንካ የወጣሁት ማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋጋ ነው። ከሞተር ብስክሌቴ ኋላ የበረዶ ሣጥን ታስሯል፤ ውስጡ የከብት ክትባት አለ። በረዶው ቢበዛ እስከ ነገ ረፋድ ይቆያል፤ እሱ ከቀለጠ ክትባቱም አበቃለት። አምና እንዲህ ሆኖብኛል። ከኦሞ ማዶ ካንጋተን ስደርስ የቀረው ለብ ያለ ውሃ ነበር፤ ክትባቱን ደፍቼ፣ ሦስት ቀን ከብት ነድተው የመጡትን ሰዎች እንዲሁ መለስኳቸው። ዘንድሮ ከተደገመ ከብቱን የሚያመጣልኝ አይኖርም።

መንገድ ላይ እንዳልዘገይ ብዬ ነው ጓድ የመጋዘን ኃላፊን ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን የፊት ጎማ ትናንት ግቢዬ ውስጥ የቀየርኩት። አሮጌውን በሁለት ብረት ፈልቅቄ አወጣሁ፤ የአዲሱን ጠርዝ ሳሙና ቀብቼ ቸርኬው ላይ አስገባሁ፤ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታም በአዲስ ግራሶ ጠቀጠቅሁት። ከዚያ ጎማውን በመሐል ብረቱ ሁለት በርጩማ ላይ አጋድሜ ሚዛኑን ሞከርኩ። አንዱ ወገን ከከበደ ዞሮ ወደ ታች ይመጣል። የእኔው ግን ባቆምኩት ሁሉ ዝም አለ። ባለቤቴን አልማዝን ጠርቼ "እይው፣ ልክ እንደ ፋብሪካ" ብዬ ጎረርኩባት።

ቀይ አፈር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ዳገቱና ጠመዝማዛው ላይ ደህና ነበርኩ። ካኮን አልፌ ሜዳው ላይ ስፈጥን ግን መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብፈጥን እወድቃለሁ፤ ባዘግም ቱርሚ ይመሽብኛል፣ በረዶውም አይጠብቀኝም። እየተራገምኩ ቀይ አፈር ደርሼ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆምኩ። የወፍጮው ሠራተኛ ጳውሎስ ከወላይታ መጥቶ የከረመ፣ ሞተር የሚያውቅ ሰው ነው። ጎማውን አውርዶ በእጁ አዞረውና ሳቀ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ሚዛን ይዞ አይደለም ዝም ያለው። ግራሶው በዝቶ አንቆት፣ አላዞር ብሎት ነው።"

አፈርኩ። ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥቦ ቀጭን ዘይት ጠብ አደረገበት፤ ሁለት አግዳሚ ላይም አንጠለጠልነው። ነገር ግን የወፍጮው ሞተር ቤቱን ሁሉ ስለሚያርገፈግፈው ጎማው መርጋት አልቻለም። ወፍጮው መቆም ነበረበት። የተሰለፉት ሴቶች ደግሞ በሌሊት ተነስተው፣ እህል ተሸክመው በእግራቸው የመጡ ናቸው።

"እኛ ማሽላ እናስፈጭ፤ እሱ ጎማ ያስፈጭ?" አለች አንዲት የበና ሴት፣ ከረጢቷ ላይ እንደተቀመጠች። ሁሉም ሳቁብኝ።

ጳውሎስ ምን እንደያዝኩ ሲነግራት ሳቋን አቆመች። "የከብት መድኃኒት ነው? አጥፋው እንግዲያ። ማሽላ አይሞትም።"

ሞተሩ ሲጠፋ ጎማው ቀስ ብሎ ዞረና በነፋስ መሙያው ቫልቮላ በኩል ወደ ታች ወረደ። ደጋግመን ብናዞረው እዚያው ነው። በተቃራኒው በኩል ሽቦ እየጠመጠምን፣ እየቀነስን፣ እየጨመርን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። በመጨረሻ በጣት ሲነካ የሚዞር፣ በደረሰበትም የሚቆም ሆነ። ሴትዮዋን "እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ" ብያት ተነሳሁ።

ካንጋተን፣ አሥር ሰዓት

መሪው ረጋ፤ ልቤም አብሮት ረጋ። ዲመካን አልፌ ቱርሚ ላይ የሃያ አምስት ሳንቲም ሻይ ቆሜ ጠጣሁ። ኦሞ ወንዝ ዳር ሞተሬን አደራ ሰጥቼ፣ ሣጥኑን ታቅፌ በእንጨት ጀልባ ተሻገርኩ።

የመንደሩ ሽማግሌ ሎኮሪ ሃያ የማይሞሉ ከብቶች ይዞ ጠበቀኝ።

"ሌላው ከብት የታለ?" አልኩ ደንግጬ።

"ክፈት መጀመሪያ።"

ከፈትኩለት። እጁን ከትቶ በረዶውን ጨበጠ፤ እርጥቡን እጁንም ጉንጩ ላይ አደረገው። "አምና አንተ ውሃ አመጣህ" አለ። "ዘንድሮ እኛ ጥቂት አመጣን። ሌላው ጫካ ነው።" ከዚያ ወደ ጫካው ዞሮ ተጣራ። ከብቱ አቧራ እያስነሳ ይጎርፍ ጀመር። እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃለሁ። እስኪመሽ ወጋሁ፤ ሲነጋም ቀጠልኩ። የመጨረሻዋን ጊደር ስወጋ እንቁላል የምታህል በረዶ ቀርታ ነበር።

ጂንካ፣ ሐሙስ ማታ

ቤቴ ገብቼ፣ ጎማውን በገዛ እጄ ማነቄን ሳልደብቅ፣ ለአልማዝ ሁሉንም አጫወትኳት። ዝም ያለ ጎማ ሁሉ ልክ እንዳልሆነ ተማርኩ። ሰውም እንደዚያው ነው። አምና ካንጋተን ላይ ባዶ እጃቸውን ስመልሳቸው አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ሞኙ ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር።