ፎቁን እንዳትቆርጥብኝ

ጭሮ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው የማያየው ጉድ የለም። እኔ ቤት ግድግዳው ላይ ረጃጅም ፎቆችና ነጭ መኪና የታተመበት መጋረጃ ተሰቅሏል። በበረሃ አድርገው ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩ ልጆች ከመነሳታቸው በፊት የኔን ኮት ለብሰው እፊቱ ይቆማሉ። "እንደደረስኩ ለእናቴ የምልከው ነው፤ ሥራ እስክይዝ እንዳትጨነቅ" ይሉኛል። እኔም አነሳለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።

በቀደም አንዲት እናት ከሂርና መጡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

"ልጄ ነው። ሳዑዲ ሆኖ የተነሳው ነው። ትልቅ አድርገህ አጥበህ ፍሬም አስገባልኝ።"

ሳየው ክው አልኩ። ኮቱም መጋረጃውም የኔ! ቀና ቢሉ ያዩታል። ቶሎ ብዬ መጋረጃው ፊት ተገተርኩ፤ እጄን ዘርግቼ ልሸፍነው ሁሉ ቃጣኝ።

"እማማ፣ ጀርባውን ቆርጬ ፊቱን ብቻ ላጉላው? እንደዚያ ያምራል" አልኳቸው።

በእጃቸው ገለል አደረጉኝ።

"አትልፋ ልጄ። መጋረጃህን ገና ስገባ አይቼዋለሁ።"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"የላከልኝም እሱ አይደለም" አሉ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ። "የመን በረሃ ላይ የቀበረው ጓደኛው ነው፣ ከልጄ ስልክ አውጥቶ። ፎቶው ነገ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ለቀስተኛው 'ደርሶ ነበር' ይበልልኝ። ፎቁን እንዳትቆርጥብኝ።"