ገበያው የተመረቀ ቀን

እኔ ሰቆጣ ላይ አዲስ ነገር ሲመረቅ አልሄድም። የከተማው ሰው ልማት አትወድም እያለ ያማኛል፤ ይማኝ! ልማቱማ ምን አደረገኝ? መንገዱ ሰፋ፣ ቦዩ ተሠራ፣ መብራት ገባ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

የድሮው የገበያ መንገድ ግራና ቀኙ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ቤቱ ከቤት የተጣበቀ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር። እናቴ ማር ትሸጣለች፤ ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ጨው ይሸጣሉ። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር ሳል እንኳ ያሳልፋል። እናቴ ስታስነጥስ እሳቸው ከወዲያ ሆነው «ይማርሽ!» ይሏታል። የገበያ ቀን ከደሃና፣ ከፃግብጂ፣ ከሰሃላ የመጣ ሰው አህያውን ከደጃችን ያስራል። እናቴ ክርክሩን በአማርኛ ትጀምርና በኽምጥኛ ትጨርሰዋለች፤ ኽምጥኛው ከመጣ ደግሞ የሚረታት አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ «እዚህ ጭቃ ላይ ቆሜ ማር ስመዝን አላረጅም» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቀን ሥራ እየሠራ አልፎ አልፎ በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር። «ባሕሩን ልሻገር ነው» የሚል መልእክት ከመጣ በኋላ ግን ዝም አለ። እናቴ ያችን የጭቃ ነገር አጥብቃ ያዘች። «ልጄን ያባረረው ይሄ ጭቃ ነው» ትላለች፣ ደጃፉን በጠረገች ቁጥር።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ሰብስቦን «ቤታችሁ ይፈርሳል፣ አዲስ የገበያ ማዕከል ይሠራል፣ በምትኩ ሱቅ ይሰጣችኋል» ሲል፣ ሰው ሁሉ እያጉረመረመ የእኔ እናት እጇን አውጥታ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለች።

ጨው ሻጩ ሽማግሌ ተቆጧት። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?»

«አባባ፣ እርስዎ ምን ቸገረዎ! ልጆችዎ ከአጠገብዎ ናቸው። የኔ ልጅ ወደ ምን ይመለስ?» አለቻቸው። ሱቁን የፈለገችው ለእሱ ነበር፤ በሩ ብረት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ዝናብ የማይገባበት ሱቅ። መጥቶ አይቶት፣ ወዶት፣ እንዲቀርላት።

ቤቶቹ ፈረሱ። ጎረቤቱ ተበተነ፤ ገሚሱ ዳገቱ ላይ ሰፈረ፣ ገሚሱ ዘመድ ፍለጋ ገጠር ገባ፣ እኛ ከከተማው ዳር ተከራየን። ግንባታው ይጀመራል፣ ሲሚንቶ የለም ተብሎ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀመራል። እናቴ ለግንበኞቹ ጠላ ይዛ ትሄድና «የኔን በር አደራ፣ አጥብቁት» ትላቸዋለች። ስትመለስ ስንት ድንጋይ እንደተደረደረ ለእኔ ማውራት ነው ሥራዋ።

እንግዲህ በእኛ አገር መርዶ በደረቁ አይነገርም። ሞቱን የሰማ ሰው ወደ ቤተሰቡ አይሄድም፤ ለጎረቤት ይነግራል። ጎረቤትም ተጠራርቶ ጎህ ሳይቀድ አብሮ ይመጣል፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ውሃ የሚሰጣት፣ አብሯት የሚያለቅስ ሰው እንዳይጠፋ። ደግ ልማድ ነው፤ አልክድም።

ከወንድሜ ጋር ሄዶ የነበረ አንድ የፃግብጂ ሰው ተመለሰ። ወንድሜ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። ሰውየው እንደ ወጉ ወደ ድሮው ሰፈራችን ቢሄድ ጎረቤት የለም፤ ያለው የተቆፈረ መሬት ነው። ጠይቆ ጠይቆ ጨው ሻጩን ሽማግሌ አገኛቸውና ነገራቸው። እሳቸው ብቻቸውን ምን ያድርጉ? የተበተነውን ጎረቤት አንድ በአንድ ማፈላለግ ያዙ። አንዷ ደሃና ናት፣ አንዱ ታሞ ተኝቷል። በዚህ መሃል ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። ከፋሲካ በኋላ ሲሰባሰቡ ደግሞ የምረቃው ቀን ተቆርጧል። «ምስኪን፣ ስንት ጊዜ የጠበቀችው ነው፤ ሱቋን ትረከብና እንነግራታለን» ተባባሉ። እንዴት ያለ ማዘን ነው እቴ!

በምረቃው ቀን ድንኳን ተጣለ፣ ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፣ ቁልፍ ታደለ። የእናቴ ስም ሲጠራ ሮጣ ሄደች። ቁልፉን ወደ ላይ አንስታ «ልጄ ይምጣ እንጂ ቤቱስ ደርሷል!» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። የድሮ ጎረቤቶቻችን ከፊት ቆመዋል፤ ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ደግሞ ቅናት መስሎኝ በሆዴ ታዘብኳቸው።

በማግስቱ ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የድሮው መንገድ ሰው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እናቴ ከኋላዬ ሆና አየቻቸው። በዚያ ሰዓት ጎረቤት አብሮ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? አንድ ቃል ሳይናገሩ ደረቷን መትታ ወደቀች።

ድምጿ ሲዘጋ ሽማግሌውን በዓይኗ ፈልጋ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ መቼ ሰሙ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«ትናንት እልል ስል ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ» አሉና አለቀሱ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ጠልቻቸው አርፍ ነበር። አይደሉም። ያ ስስ ግድግዳ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር፤ እሳቸው ከወዲያ ሲያለቅሱ ሰምታ በዚያው ቀን ታውቀው ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሱቁን ዛሬ ሞባይል የሚሸጥ ሰው ተከራይቶታል። ያምራል፤ ወጣቱ አይጠፋበትም። እናቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትስም እንኳ በዚያ አታልፍም፣ በቦዩ በኩል ትዞራለች። እኔ ሳገባ፣ ሙሽራው ከደጅ ደርሶ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ዞሬ አየኋት። አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ተቀምጣለች።